መርዶ ይዞ የበላ ሰው

ትናንት ምሳ ሊቀርብ ሲል የልጅ ልጄ ሜሮን ስልኳን ይዛ ከሳሎን ጓዳ፣ ከጓዳ ሳሎን ትመላለስ ጀመር። ሩቅ አገር፣ ስሙን እንኳ በቅጡ የማልይዘው የባሕር ዳርቻ፣ ምድር ተንቀጥቅጣ ባሕሩ ከቦታው ወጥቶ ከተማ ላይ ፈሰሰ ተባለ። አብረዋት የተማሩ ሁለት ጓደኞቿ እዚያ ይሠራሉ። አንደኛዋ ወዲያው መለሰችላት፤ «ደህና ነኝ፣ ኮረብታ ላይ ወጥተናል» አለቻት። ሁለተኛዋ ግን ቢጻፍላትም ቢደወልላትም መልስ የለም።

በዚህ መሀል ሳህኑ ቀረበ።

«አባባ፣ ይብሉ እንጂ፤ ይቀዘቅዛል እኮ» አለችኝ።

«ይቆይ።»

«አሞዎት ነው?»

«ምንም አላመመኝ። ጓደኛሽ ትመልስና እበላለሁ።»

ትክ ብላ አየችኝ። ሽማግሌና በቅሎ ካልፈለገ አይሄድም ብላ ሳይሆን አይቀርም፣ ትታኝ ወደ ስልኳ ተመለሰች። እልኸኛስ ነኝ፣ አልክድም። የዚህ ግን ምክንያቱ እልህ አይደለም።

ሃያ ዓመት ሞልቶኝ አልሞላኝ፣ በጃንሆይ ዘመን፣ ጋይንት ቤተ ልሔም ድጓ እማር ነበር። የእስቴ ልጅ ነኝ። ድጓ የዓመቱን ሙሉ ዜማ የያዘ ትልቅ ትምህርት ነው፤ ሰው ጢም ሳያወጣ ጀምሮ ሸብቶ ሊጨርሰው ይችላል። ሁለት ጓደኞች ነበሩኝ፣ ይትባረክና ላቀው። ይትባረክ ከስማዳ ነው፣ ከወገዳ ብዙም ከማይርቅ አጥቢያ፣ ለእናቱ አንድ። ቁም ነገር ሲያወራ እንኳ ሳቁ አይለቀውም፤ የኔታም ለዚህ ሳቁ ስንት ጊዜ እንደቀጡት እኔ አውቃለሁ። ላቀው እዚያው የጋይንት ልጅ፣ ዝምተኛ፣ ከሚናገር ቢመታ የሚመርጥ። ሦስታችን አንድ ጎጆ እናድር፣ ያገኘነውን ንፍሮ ከአንድ ገበታ እንበላ ነበር።

ፋሲካ ሲያልፍ የበሽሎን ወንዝ ተሻግረን ወሎ ቅኔ ልንማር ተማማልን። ስንቅ ተፈጨ፣ ጊደሯን ሸጦ ነጠላ የገዛም አለ። በመሄጃው ዋዜማ እኔ እግሬን አመመኝ አልሁ። እግሬስ ምንም አልሆነ። በሽሎን ፈራሁት፣ እውነቱ ይኸው ነው፤ ገደሉን፣ ቆላውን፣ ወባውን። ይትባረክ ገባው፤ ግን አላሳፈረኝም።

«ግድ የለም» አለኝ እየሳቀ፤ «እግርህ ሲሻለው ብቻውን ላከው። አንተ ባትመጣም እንቀበለዋለን።»

ከእሱ የሰማሁት የመጨረሻ ቃል ይኸው ነው። እስካሁን ትዝ ሲለኝ መሳቅ ይቃጣኛል፣ ከዚያ እተወዋለሁ።

ግንቦት ሊያልቅ ሲል አንድ ጧት፣ ተማሪው ሁሉ የኔታን ከቦ ተቀምጦ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ጸናጽል ማንም ሳይነካው ጮኸ። የኔታ ዓይናቸው ደክሞ ስለነበር «ማነው እጁ የበላው!» ብለው ተቆጡ። ማንም አልነበረም። መሬቱ ከሥራችን ትንሽ እንደ መወዝወዝ አለና ዝም አለ። ውጭ ያሉ ከብቶች ብቻ ለረጅም ጊዜ ሲያጓሩ ቆዩ። እኛ በልጅነታችን ሳቅን።

ክፉ ወሬ ግን እግር አያጣም። በሳምንቱ አርብ ገበያ ጨው ጭነው ከበሽሎ ማዶ የመጡ ነጋዴዎች አወሩት። ከወዲያ ምድር እንደ ወንፊት ተነፋች፣ ገደል ተንዶ ቤት ተጫነ፣ የእነ እንትና ደብር የተማሪ ጎጆ ከድንጋይ በታች ሆነ አሉ። የደብሩን ስም ሲጠሩ አጠገባቸው ቆሜ ነበር። እነ ይትባረክ የሄዱበት ነው። ሽንብራ ልገዛ መጥቼ ነበር፤ ሽንብራውን ገዛሁ። ገዝቼ፣ ቋጥሬ፣ ተሸክሜ ተመለስሁ። ምን ይሰማኝ እንደነበር ብትጠይቁኝ የከረጢቱን ክብደት ነው የምነግራችሁ።

የኔታ ሌላ ሰው አልጠየቁም፤ እኔን ጠሩኝ። ምናልባት ስለ እግሬም ሰምተው ይሆናል።

«ስማኝ» አሉ። «ክረምቱ ሳይጠና ተሻግረህ አይተህ ተመለስ። በሽሎ ከሞላ እስከ መስከረም ወሬም አይሻገርም። ደህና ከሆኑ በይትባረክ እናት ደጅ እያዜምህ እለፍ፤ ደስ ይበላት።»

«እሺ የኔታ።»

«ክፉ ከሆነ ደጇን እንዳትረግጥ። ቀጥ ብለህ ወደ ነፍስ አባቷ ሂድ። ውሃም ቢሆን ከቤቷ እንዳትቀምስ።»

ይህን የማያውቅ የአገሬ ሰው አልነበረም። በእኛ ዘንድ መርዶ እንዲያው አይነገርም። ወሬው ለነፍስ አባትና ለሽማግሌ ይደርሳል፣ ዘመድ በስውር ይሰበሰባል፣ ሊነጋጋ ሲል ተሂዶ በር ይንኳኳል። መርዶ ይዞ የመጣ ሰውም ከዚያ ቤት እህል አይቀምስም። ስለዚህ ሰው ከሩቅ ሲመጣ እናቶች አፉን አያዩም፤ እጁን ነው የሚያዩት።

በሶዬን ይዤ ወረድሁ። በሽሎ ያኔ ገና ከጉልበት አላለፈም ነበር። ያን ያህል የፈራሁት ወንዝ! ነጋዴዎች ቁምጣቸውን ሰብስበው እየተቀላለዱ ይሻገራሉ። ይኸን ነበር እንዴ የፈራሁት ብዬ መሀሉ ላይ ቆምሁ፤ አንዱ «ወንድሜ፣ ታጥበህ ከጨረስህ መንገድ ልቀቅ» አለኝ።

በአምስተኛው ቀን ደረስሁ። ቤተ ክርስቲያኑ ጣራው ዘመም ብሎ ቆሟል። ከሥሩ የተማሪ መንደር የነበረበት ቦታ የድንጋይ ክምር ነው፤ ከድንጋዩ መሀል የሳር ክዳን ብቅ ብቅ ብሏል። ላቀው አንድ ቋጥኝ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ክንዱ ተሰብሮ በነጠላ ቅዳጅ አንገቱ ላይ ታስሯል። ሲያየኝ አልተነሣም።

«እግርህ ተሻለው?» አለኝ።

«ተሻለው። ይትባረክስ?»

በደህነኛው እጁ ክምሩን አሳየኝና፣ ከዚያ እጁን ወደ መቃብሩ አዞረው። ወባ ይዞት ጎጆ ተኝቶ ነበር አሉ። ሌላው ሁሉ ቁራሽ ሊለምን ወጥቶ እሱ ብቻ ቀረ። ላቀው ሲመለስ ደጁ ላይ ደርሶ ነበር፤ ገደሉ ሲናድ ግድግዳው ክንዱን ያዘው።

«የስንዴ ቂጣ አግኝቼለት ነበር» አለ ላቀው፤ «ትኩስ። ሲያመው የስንዴ ይወዳል።» ክንዱን የያዘውን ቅዳጅ አስተካከለና፣ «አውጥተን ከቀበርነው በኋላ ራሴ በላሁት» አለኝ።

ከእኔ ጋር እንዲመለስ ለመንሁት፤ እንቢ አለ። መቃብሩ ላይ አፈር በእጄ ጨመርሁ። እንባ እንቢ አለኝ። ይመጣል ብዬ ጠበቅሁ፣ ተንበርክኬም ሞከርሁ፣ አልመጣም። የመጣልኝ ነገር ቢኖር የጫማዬ ጠፍር መላላቱን ማየት ነው፤ እሱን አጥብቄ መንገድ ጀመርሁ።

የመልሱን ጉዞ አላውቀውም ብል ይቀላል። ዝናብ ጀመረ። ተልባው በቅሏል፣ ገበሬው ገብስ ሊዘራ ጥማዱን አውጥቷል፣ «ደህና ዋልህ ተማሪ» ይሉኛል፣ «እግዚአብሔር ይመስገን» እላለሁ። በሽሎ ደረት ደርሷል፤ ነጋዴዎች ገመድ ዘርግተው አሻገሩኝ። አልፈራሁም። መፍራትም ጉልበት ይጠይቃል ለካ። በሶዬን ውሃው ወሰደው፤ ሁለት ቀን በጥሬ ሽንብራ ሄድሁ።

የይትባረክ አጥቢያ የደረስሁት ከሰዓት በኋላ ነው። የኔታ እንዳሉኝ ቀጥ ብዬ ወደ ነፍስ አባትየው ቤት ሄድሁ። «ለፍትሐት ሌላ አጥቢያ ሄደዋል፣ ሲመሽ ይገባሉ» አለችኝ እህታቸው። እዚያው ልጠብቅ አይደል? የምን መቅበጥበጥ ነው! የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ፤ እኔ ግን የቸኮልሁለት ነገር እንኳ አልነበረም። ቆሜ መጠበቅ አልሆንልህ ቢለኝ፣ ለምን እንደሆነ ሳላውቀው መንገድ ወጣሁ። እትዬ አንጓች፣ የይትባረክ እናት፣ ቅጠል ተሸክማ ከፊቴ መጣች።

ወሬው ለካ እሷም ዘንድ ደርሶ ኖሯል። ሰው መላኩንም ሰምታለች። አንዲት ቃል አልጠየቀችኝም። ሸክሟን ጥላ ጉልበቴን ልትስም ስትል አነሣኋት።

«ረጥበሃል፣ ልጄ» አለች። «ግባ።»

መርገጥ የማይገባኝን ደጅ ረገጥሁ። እሳት አነደደች፣ ጋቢ ደረበችልኝ። የሰኔ ጾም ገብቶ ነበርና የገብስ ቂጣ በተልባ ለውሳ፣ በሌማት አድርጋ ፊቴ አስቀመጠች። እጄን አስታጠበችኝ። ከዚያ ማስታጠቢያውን ይዛ ቆመች፤ እጄን ታያለች።

አሁን ምንም ብል ሰበብ ነው። ርቦኝ ነበር። የሆዴን ነገር እንጂ የሌላውን ነገር ሁሉ ከበሽሎ ማዶ ትቼው የመጣሁ ይመስለኝ ነበር። እጄ ሄደ፤ ቆረስሁ፤ ጎረስሁ። ሦስተኛውን ስጎርስ ነው ቀና ያልሁት። ማስታጠቢያው ከእጇ ወደቀ።

«በላ!» አለች። «እሰይ! እሰይ! በላ! ልጄ ደህና ነው!»

እልልታዋን ሰምቶ ጎረቤት ጎረፈ። ጠላ ያለው ጠላ፣ ቆሎ ያለው ቆሎ ይዞ። ሽማግሌው ይመርቃሉ፣ ሴቶቹ ያጨበጭባሉ። «እንኳን ደስ ያለሽ አንጓች!» ይሏታል። እኔ አፌ ውስጥ ያለውን ቂጣ መዋጥም መትፋትም አቅቶኝ ተቀምጫለሁ።

«ከስቷል?» አለችኝ፣ ጉልበቴ ሥር ቁጭ ብላ።

«አልከሳም።»

«ቅኔ ገባለት?»

«ገባለት።»

«ያ ሳቁ ከመምህር አላጣላውም?»

«አላጣላውም፣ እትዬ።»

በላዩ ላይ ደግሞ ቂጣ ጨመረችልኝ። በላሁት። ሰው ዓይኑን አፍጥጦ ከገደል ሲወርድ እንዲህ ነው። ያን ማታ እትዬ አንጓች የክት ቀሚሷን ለብሳ፣ እያንጎራጎረች ተኛች።

ወፍ ሲንጫጫ ወጥቼ ነፍስ አባቷን ቀሰቀስሁ። የሆነውን ስነግራቸው ግንባራቸውን ይዘው «ምን አደረግህ፣ አንተ ልጅ?» አሉ፤ ወዲያው ሰው አስጠሩ። ማታ የጨፈሩት ሽማግሎች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ተሰበሰቡ። ሄድን። በሩን አንኳኩ። ወጥታ አየቻቸው፤ ለቅሶውን ማን እንደጀመረው አላውቅም። እሷ ግን አላለቀሰችም። ሰውን ሁሉ በዓይኗ አልፋ እኔን ፈለገችኝ።

«በልተህ የለም እንዴ?» አለችኝ።

 ስድብ ቢሆን፣ እርግማን ቢሆን እሸከመው ነበር።

ዓመቱ ሲዘከር ሄድሁ። መቅረት አማረኝ፤ እግሬ ግን ሁለተኛ እንዲያሳብቡበት አልፈለገም መሰለኝ። ጓዳ ድረስ ጠራችኝና ሌማቱን አቀረበች። እጄን አጣጥፌ ተቀመጥሁ።

«ብላ።»

«እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ።»

«ይቅርታውን ለእግዜር ተወው» አለች፤ ድምፅዋ እንደ ደረቅ ቅጠል ነበር። «ሰው ሁሉ ልጅሽ በግንቦት ሞተ ይለኛል። እኔ ዘንድ የሞተው በሰኔ ነው፣ አንተ በበላህ ማግስት። ብላ አሁን።»

በላሁ። ምስጋና ይሁን ወቀሳ አልጠየቅኋትም፤ እሷም እስክትሞት አልነገረችኝ። ላቀው እዚያው ወሎ መምህር ሆኖ እንደቀረ ሰማሁ። ለይትባረክ ያለቀስሁት ከዓመታት በኋላ ነው፣ አንድ ቀን ያለ ምንም ምክንያት፣ እግሬን ስታጠብ።

ይህንን ሁሉ ለሜሮን አልነገርኋትም። ሳህኑ ፊቴ ቀዝቅዟል። ስልኩ ጮኸ፤ ይዛው ወደ በረንዳ ወጣች። ከመስተዋቱ ወዲያ ጀርባዋ ብቻ ይታየኛል፤ ትከሻዋ አይስቅም፣ አያለቅስም። ብዙ ቆይታ ገባች። እጇን ታጥባ፣ ከጎኔ ተቀምጣ፣ ቆርሳ ጎረሰች።

እጇን አየሁት፤ ጎርሳለች። ቢሆንም ጠየቅኋት።

«ጓደኛሽስ?»

«ደህና ናት፣ አባባ። ስልኳ ውሃ ገብቶበት ነው። በሰው ስልክ ነው የደወለችልኝ።»

«ድምፅዋን ራስሽ ሰማሽው?»

«በጆሮዬ ሰማሁት።»

ተነሥቼ እጄን ታጠብሁ።