ዝም ተብሎ ያልተቀበረ ሰው

የሽጉጥ ማጽጃ ፈሳሽ ሙዝ ሙዝ ይሸታል። የማያምን ካለ መጥቶ ያሽተው። ባለፈው ቅዳሜ ጋራዥ ውስጥ ቁጭ ብዬ ጨርቁን ጠርሙሱ አፍ ላይ አድርጌ ገልበጥ ሳደርገው ሽታው አፍንጫዬን መታኝና እጄ ቆመ። ልጄ በሩ ላይ ሆና፣

"ዳዲ፣ አሁንም እነሱን ነው የምትወለውለው? ለፖሊስ አስረክባቸው አላልኩህም? በዚህ ዕድሜህ ምን ያደርጉልሃል?" አለችኝ።

አላስረክብም አልኳት። ምን እንደሚያደርጉልኝ ለሷ ብነግራት አይገባትም። ላንተ ልንገርህ።

ጊዜው በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ ወደ ማለቂያቸው ነው። እዚህ አሜሪካ፣ ፌርፋክስ በሚባለው መንገድ ላይ ያኔ የኛ ሰው ጥቂት ነበር። ሰፈሩ ሊትል ኢትዮጵያ የሚባል ስምም አልነበረውም። አንድ ምግብ ቤት ነበረችን፤ ቀትር ላይ ታክሲዎች ደጇ ይደረደራሉ፣ ፀሐይዋ ጣራቸው ላይ አርፋ ዓይን ታጠፋለች፣ ከውስጥ የሽንኩርት ቁሌት ይጠራሃል። እኔ ኦሎምፒክ መንገድ ላይ የሰው መኪና ፓርክ አደርግ ነበር። ግሪን ካርድ ሲመጣለት አንዱ መኪና ገዛ፣ አንዱ ሱፍ ገዛ። እኔ ሽጉጥ ገዛሁ።

ያውም ማንኛውንም አይደለም። የማይዝገውን፣ ነጩን ብረት ነው። ፓርኪንግ ከመግባቴ በፊት ሎንግ ቢች ወደብ ስሠራ የባሕሩ ጨው ብረት እንዴት እንደሚበላ አይቻለሁ። ጥቁር ሽጉጥ ላብ ሲነካው ቆዳው ይቦረቦራል፤ ነጩ ግን ጠረግ አድርገኸው ትተኛለህ። መጀመሪያ አፈሙዟ ረዥሙን፣ ከበድ ያለችውን ገዛሁ። ቀጥሎ ኪስ የምትገባዋን አጭሯን። ቀጥሎ እጀታዋ ቡናማ እንጨት የሆነችውን። ሁሉም ጥይት በሆዳቸው የሚጎርሱ ናቸው። ሆዷን በአውራ ጣትህ ስታዞረው ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ ይላል፤ እንዲህ ያለ ጥሩ ድምፅ እስከ ዛሬ አልሰማሁም። ያኔ ብዙ ጥይት የሚይዙ፣ ፕላስቲክ የነካቸው አዳዲስ ሽጉጦች ብቅ ብቅ እያሉ ነበር። አልፈለግኳቸውም።

ሰው ወሬ አደረገኝ። የማኅበራችን ሊቀመንበር አንድ ቀን ምግብ ቤቱ መሐል፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ "ከመሣሪያ ሸሽተን መጥተን አንተ መሣሪያ ትሰበስባለህ?" አለኝ። ሽጉጥ ሰው ላይ አዙሬ አላውቅም፤ አዙሬም አልሞትም። ሻዬን ጠጥቼ ወጣሁ።

ከኔ ጋር የቆሙት አንድ ሰው ብቻ ነበሩ። ታክሲ ነጂ ናቸው፤ የበጌምድር ሰው፣ በሱዳን በኩል በእግራቸው የወጡ፣ በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ። እሑድ ከሰዓት በታክሲያቸው ድራይቭ አድርገው ከከተማው በስተሰሜን፣ ተራራው ሥር ወዳለው የተኩስ ሜዳ ይወስዱኛል። ሽጉጦቹ ጭነት ክፍሉ ውስጥ ባዶ ሆነው ተቆልፎባቸዋል፤ ሕጉ እንደዚያ ነው። ገና መኪናው ሳይነሣ ይጀምሩኛል።

"ማንኪያህን ይዘሃል?"

"ጋሼ፣ ማንኪያ አይደለችም።"

"ምን ናት ታዲያ? እንዲህ የምታበራ ነገር ይዘህ እኛ አገር ጫካ ብትገባ ከጋራው ማዶ ያለ ሁሉ ቆሞ ያይሃል።"

ደርሰን ረዥሟን ስሰጣቸው ግን በሁለት እጃቸው ነው የሚቀበሉኝ፣ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው። ትንፋሻቸውን ይውጡና ምላጩን ሲስቡ የወረቀቱ መሐል ይበሳል። ከዚያ ዞር ብለው፣ "ማንኪያህ ታጎርሳለች እኮ" ይሉኛል። የባሩዱ ጢስ በዚያ ደረቅ ሣር ላይ ሲንሳፈፍ፣ ቀለሁ ከሲሚንቶው ላይ ሲንኳለል፣ እሳቸው ሲስቁ፤ አሁን ድረስ ጆሮዬ ላይ አለ።

አንድ ቀን ምግብ ቤቱ ውስጥ ሳይስቁ አወሩኝ። ባለምግብ ቤቷም ሳህን እያነሱ አጠገባችን ነበሩ።

"አባቴ ሲሞት መሣሪያውን ሁሉ መንግሥት ገፎን ነበር። አንድ ጥይት እንኳ አልጮኸለትም። ስንት ለቅሶ ላይ የተኮሰ ሰው፣ እንደ ሌባ ዝም ብለን ቀበርነው። የዚያን ቀን ያፈርኩት እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። እኔን እንዲህ እንዳታደርገኝ።"

"ጋሼ፣ ይሄ እኮ አሜሪካ ነው" አልኳቸው።

"አሜሪካ ቢሆንስ? እዚህ ተኩስ ጠፍቶ ነው?"

እሺ አልኳቸው። እሺ ካልኩ ደግሞ አለቀ።

ዓመትም አልቆየ። ኤርፖርት ተሳፋሪ አውርደው፣ መሪውን እንደያዙ ልባቸው ቀጥ አለች።

ኮሚቴው ምግብ ቤቱ ውስጥ ተሰበሰበ። ሣጥኑ፣ ቦታው፣ ቄሱ ሁሉ ተነገረ። እኔ ተነሥቼ የተናዘዙኝን ተናገርኩ። ሊቀመንበሩ መነጽሩን አወለቀ።

"ኦኬ፣ መቃብር ቦታ ልትተኩስ ነው? ፖሊስ መጥቶ ለቀስተኛውን በሙሉ ይለቅመዋል። ወረቀቱ ያላለቀለት ስንት ሰው አለ እዚህ፤ አስበኸዋል?"

"መቃብር ቦታ እተኩሳለሁ አላልኩም።"

"የት ልትተኩስ ነው ታዲያ?"

"የሚተኮስበት ቦታ።"

"ለቅሶ እኮ ነው፤ ሽርሽር አይደለም። ፈረንጅ ቁምጣ ለብሶ፣ በርገር እየገመጠ የሚጫወትበት ቦታ ሄደህ ሽማግሌውን መሣቂያ ልታደርጋቸው?"

ፍርሃቱ ውሸት አልነበረም፤ እሱን አልክድም። ስለ መሣቂያው ግን አንድ ነገር ልለው አፌን ስከፍት ባለምግብ ቤቷ ቀደሙኝ።

"እዚችው ጠረጴዛ ላይ ሲናገሩ እኔም ሰምቻለሁ። የሚሄድ ይሂድ፤ የማይሄድ ቁጭ ብሎ ንፍሮውን ይብላ።"

ቀበርናቸው። ቄሱ ፍትሐቱን አደረሱ፣ አፈሩ ሣጥኑ ላይ ዶፍ ዶፍ አለ፣ ከዚያ ጸጥታ ሆነ። ሊቀመንበሩ ወገቤን ያየኛል። ወገቤ ላይ ምንም የለም፤ ረዥሟ በጋሼ ታክሲ ጭነት ክፍል ውስጥ ተቆልፎባታል። ሰው ወደ መኪናው ሲበተን "እኔ ወደ ተራራው ነኝ" አልኩ፤ ሌላ አልጨመርኩም። ባለምግብ ቤቷ መጥተው ታክሲው ውስጥ ከጎኔ ገቡ። ወደ ኋላ በመስተዋቱ ሳይ ጥቂት ታክሲዎች መብራታቸውን አብርተው ተከትለውናል።

ከሜዳው ስንደርስ እሑድ ስለነበረ ሰዉ ብዙ ነው። እትዬ፣ ባለምግብ ቤቷ፣ ከጥቁር ነጠላቸው በላይ የጆሮ መከላከያውን ደፉ፤ ፈረንጆቹ ዞር ዞር ብለው አዩዋቸው። እሳቸው ማንንም አላዩም።

እኔ ረዥሟን አወጣሁ። የሜዳው አለቃ፣ ኮፍያውን ላብ የበላው ሽማግሌ ፈረንጅ፣ ወደኔ መጣ። ወደ ሰማይ መተኮስ ክልክል ነው፤ እሱን አውቃለሁ፣ ከተራራው አፈር ላይ እተኩሳለሁ። ያለ ዒላማም ክልክል ነው አለና ወረቀት ሰጠኝ። ወረቀቱ ላይ ጥቁር ሰው ተሥሏል፤ ራስ፣ ትከሻ፣ ደረት። በሌላው እሑድ ስንበሳው የዋልነው ያንኑ ነው። ያን ቀን ግን ልሰቅለው አልሄድኩም። ለሞተ ሰው ሰው ይተኮሳል?

"ኖ" አልኩት።

"ወረቀት ከሌለ ተኩስ የለም" አለኝ።

"ኖ። ዚስ ማን። አይ ኖት ሹት ማን። ማይ ፍሬንድ ዳይ። ቱዴይ ፊውነራል።"

ቆጣ ብሎ ነበር። ወዲያው ግን ዓይኑ ወደ እትዬ ሄደ፤ ነጠላቸውን፣ ከኋላቸው እጃቸውን አጣምረው የቆሙትን ታክሲ ነጂዎች አየ። ከዚያ ወረቀቱን ከእጄ ወስዶ ገለበጠው። ጀርባው ነጭ ነው። ራሱ ሄዶ በነጩ በኩል ሰቀለው። ተመልሶ ፊሽካውን ነፋ። ሜዳው ላይ ያለው ሰው ሁሉ መሣሪያውን አስቀምጦ ወደ ኋላ ሸሸ። ጭጭ አለ።

"ጎ አሄድ፣ ሰር" አለኝ።

ስድስት አጎረስኳት። ስማቸውን ከነአባታቸው፣ ከነአገራቸው ጮክ ብዬ ጠራሁ። ያ ሁሉ ፈረንጅ ይስማ ብዬ ነው የጠራሁት። ከዚያ ተኮስኩ፤ እያሳረፍኩ፣ አንዱ ጥይት ተራራው ውስጥ ገብቶ ድምፁ እስኪመለስ እየጠበቅኩ። እትዬ ከኋላዬ ያለቅሳሉ። ስድስተኛው ሲያልቅ ሆዷን ከፍቼ ቀለሁን አራገፍኩና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኳት።

እዚህ ላይ አንድ የማታውቀው ነገር አለ። በሳቸው አገር የለቅሶ ተኩስ ሲሰማ ማዶ ያለው መንደር ዝም አይልም። ማን እንደሞተ ባያውቅም ይመልሳል። ሰውዬው ከነሙሉ ክብሩ ሄደ የሚባለው ሲመለስለት ነው። እኔ ይሄን ሳልረሳው ነው የሄድኩት፤ ግን ማን ይመልሳል? የሚመልስ ሰው አልነበረኝም። ብቻዬን ቆሜ የተራራውን ደረቅ አፈር አያለሁ።

ያን ጊዜ አለቃው እንደገና ፊሽካውን ነፋ። ፈረንጆቹ ወደየቦታቸው ተመለሱ። አንዱ ተኮሰ። ሌላው ተኮሰ። ከዚያ በቀኝም በግራም፣ ከባዱም ቀላሉም፣ ተራራው በሙሉ ተናወጠ። አባት ከልጁ ጋር ዒላማውን ይመታል፤ ባል ለሚስቱ ያሳያል፤ ማን እንደሞተ ማንም አያውቅም። ታክሲ ነጂዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። አንደኛው ኮፍያውን አወለቀ።

"ተመለሰላቸው" አሉ እትዬ።

ሊቀመንበሩ በኋላ ሰምቶ፣ "እነሱ እኮ ለራሳቸው ነው የተኮሱት" አለኝ። ለማን እንደተኮሱ እኔ ቆሜ ሰምቻለሁ፤ አንተ አልነበርክም አልኩት።

ቆይተን፣ ቆይተን፣ ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ሜዳው ተዘጋ። የመጨረሻው ሰው ዕቃውን ጭኖ ሄደ። ነፋሱ ብቻ ቀረ፤ ጋሼ የሌሉበትን ታክሲ አስነሥቼ መንዳት አቃተኝ። እትዬ ቁልፉን ከእጄ ወሰዱና፣ "ውረድ፣ ልጄ፤ እኔ እነዳለሁ" አሉኝ።