ገመድ ይዛ የመጣችው ልብስ ሰፊ

በማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ፣ ለሰፈሩ ሰው በተጠራ ስብሰባ ላይ፣ አጠገቤ ተቀምጣለች። አንገቷ ላይ የልብስ ሰፊ ሜትር፣ ጉልበቷ ላይ የተጠቀለለ ገመድ። የለበሰችው የእሳት አደጋ ሠራተኛ ካፖርት ትከሻው ወርዶ ክርኗ ሊደርስ ምንም አልቀረውም።

መሐንዲሱ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት ትልልቅ ባትሪዎች የሚተከሉበትን ቦታ በካርታ አሳየና «ከመኖሪያ ቤት ሠላሳ ሜትር ይርቃል» አለ።

ብድግ አለች። «ከማን ቤት፣ ልጄ? የልጅ ልጆቼ የሚተኙበት ክፍል ካርታህ ላይ የለም። ባትሪው እሳት ቢነሳበት፣ ከዚያ ግድግዳ አሥራ አንድ ሜትር ነው የሚርቀው፤ ገመዱ ይኸው!»

«ካርታው ትንሽ ቆየት ያለ ነው…»

«ታዲያ በምን አፍህ ሠላሳ አልክ? እኔ መብራት አልጠላሁም፤ የስፌት መኪናዬም የሚሠራው በእሱ ነው። ግን ሰው ሳይለካ ልብስ አይቆረጥም!»

ሰብሳቢው «እማማ፣ ሰዓትዎ አልቋል፤ ይቀመጡ» አላት።

«መጥታችሁ በዓይናችሁ ሳታዩ አልቀመጥም።»

እጅጌዋን ስትሰበስብ አየሁና «ይሄን ካፖርት ምነው በልክዎ አላጠበቡትም?» አልኳት በሹክሹክታ።

«የባለቤቴ ልክ ነው» አለችኝ፣ ዓይኗን ከሰብሳቢው ሳትነቅል። «እሳት ውስጥ ገብቶ የቀረ ቀን ቤት ትቶት ነው የሄደው። መቀስ አይነካውም።»

አሁንም እንደቆመች ናት።