ኪና ሲቀል፣ ዛጎል ሲከብድ

ቶ ቫርቱል ኮኮናት ሸጦ ኪና የሚባለው የወረቀት ገንዘባችን እጁ ከገባ አያሳድረውም፤ እዚያው ገበያ ላይ በዛጎል ይመነዝረዋል። እኛ የራባውል ባሕር ዳር ሰዎች በሁለቱም እንገበያያለን፣ እንደሱ ወረቀት የሚጠላ ግን አላየሁም። በወጣትነቱ በክር የተሰካ አንድ የእጅ ዝርጊያ ዛጎል በሁለት ኪና ያገኝ ነበር። ቀጥሎ ሦስት ተጠየቀ፣ ከዚያ አራት፤ ዘንድሮ አምስትም አይበቃም። ኪና በቀለለ ቁጥር ጎጆው ውስጥ የተጠቀለለው የዛጎል ክብ እየወፈረ ሄደ።

የእህቱ ልጅ ኢያ ቪኒት ጣሪያዋ ያፈስ ነበር።

«አጎቴ፣ ይኼን ጎማ የመሰለ ክብህን ሽጠህ ቆርቆሮ ግዛልኝ እንጂ!»

«ስሞት ቆርቆሮው ነው የሚያለቅስልኝ?» ይላታል።

ሲሞት ክቡ ለእሷ ሆነ። በለቅሶው ማለዳ አንድ ነጋዴ ኪና በከረጢት ሞልቶ ከተፍ አለ።

«እህቴ፣ ለአንድ ዝርጊያ ስድስት! ማን እንዲህ ከፍሎ ያውቃል?»

በቶ ቫርቱል ስስት ሲያፌዝ የኖረ ጎረቤት ሁሉ አንገቱን አሰገገ። ክቡ ከተሸጠ እንደ ወጋችን ለለቀስተኛው የሚቆረስ ዛጎል የለም፤ ቶ ቫርቱልም ያለ ክብር ሊቀበር ነው።

ኢያ ቪኒት ቀና ብላ ጣሪያዋን አየች። ከዚያ «ቢላ አምጡ» አለች።

ክቡ ተፈቶ ሲዘረጋ ከደጃፉ ተነስቶ፣ ቤተ ክርስቲያኑን አልፎ፣ ባሕሩ ዳር ደረሰ። የአንድ ሰው ዕድሜ መሬት ላይ ተኝቶ ሲያበራ አየን። በቢላው እየተቆረሰ ሲታደል፣ ሲያፌዙበት የኖሩትም ቁራጫቸውን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። ነጋዴውም አንዲት ቁራጭ ደረሰችው።

«በስንት ትሸጥልኛለህ?» አልኩት።

ደረቱ ላይ ለጥፎ ያዛትና «ሂድ ወዲያ፣ ዛሬ ገበያ የለም» አለኝ።