ይማርዎ ያልኩበት ክፍል

የተያዝኩት ማክሰኞ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። አሌክሳንድሪያ ውስጥ፣ በአንድ የቨርጂኒያ ሕግ አውጪ ቢሮ ወለል ላይ ከሌሎች ጋር ተቀምጬ ነበር። ውጡ ስንባል አልወጣንም። እጄን ወደ ኋላ ያሰረኝ ፖሊስ "ትከሻሽን ያምሻል?" ብሎ ጠየቀኝ። ትሕትናውንም ጠረጠርኩት።

የምንጠይቀው ብዙ አልነበረም፤ ሕጉ ያልወለደችውንም እናት ወላጅ ብሎ እንዲያውቃት ነው። እዚያው ከተማ፣ ላንድማርክ ሰፈር የምትኖረው ፍቅረኛዬ ስትወልድ የልጃችንን እትብት የቆረጥኩት እኔ ነኝ። በቨርጂኒያ ሕግ ግን ስላልተጋባን ለልጅቷ ባዳ ነኝ፤ በማደጎ እንኳ የእኔ ላደርጋት አልችልም። ትኩሳት ይዟት ሆስፒታል የወሰድኳት ዕለት ነርሷ "ወላጅ ትምጣ" ብላ በር ላይ አቆመችኝ። እንዳንጋባ ደግሞ ወሬው ከወንዙ ማዶ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችው እናቴ ጆሮ እንዳይገባ እፈራ ነበር። ከሐበሻ የሚደበቅ ሠርግ የለም።

ያስገቡኝ የእስር ክፍል በረኪና በረኪና ይሸታል። የብረት አግዳሚ፣ ክዳን የሌለው ሽንት ቤት፣ ዓይን የሚወጋ መብራት። ጓደኞቼን ሌላ ቦታ ወሰዷቸው። እኔ የገባሁበት አንዲት ሴትዮ ብቻ ነበሩ፤ የእናቴ እኩያ። ማተባቸውን አስወልቀዋቸው መሰለኝ፣ እጃቸው ደጋግሞ ባዶ አንገታቸውን ይዳብሳል።

"ሐበሻ ነሽ አይደል?" አሉኝ።

አማርኛ እንደማልችል በእንግሊዝኛ ነገርኳቸው። ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። በእናቴ ደብር የሚያስቀድሱ ቢሆኑስ? ፖሊሶቹ ሆን ብለው አጠገቤ አስቀምጠዋቸው ቢሆንስ? እዚያ ውስጥ ይህም የሚሆን ይመስላል።

ቀዝቃዛው አየር ከጣሪያው በቀጥታ ይወርድብን ነበር። ሴትዮዋ አስነጠሱ።

"ይማርዎ" አልኩ።

ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የሰማሁት።

"ያኑርሽ" አሉ፣ ሳቃቸውን አፍነው። "አማርኛውን ቶሎ ነው የለመድሽው።"

እሳቸው የተያዙት "ኮርት ሚስ አድርጌ" ነው፤ ፖሊሶች መኪናቸውን አስቁመው ሲያዩ የቀሩበት የፍርድ ቤት ቀጠሮ ተገኘ። "አንቺስ? አይጥ አክለሽ ሰው ገደልሽ እንዴ?"

እኔም የመንጃ ፈቃድ ጉዳይ ነው ብል ይበቃ ነበር። ውሸቱ ተዘጋጅቶ አፌ ላይ ነበር። ብዋሽ ግን፣ ነርሷ እንዳደረገችኝ፣ እኔው ራሴን ከልጄ በር ላይ የማስቀር መሰለኝ።

"ስለ ልጄ ነው" አልኩ። "ሕጉ የእኔ አይደለችም ይላል።"

"አባቷ ወሰዳት?"

"አባት የላትም። የወለደቻት ፍቅረኛዬ ናት። ሁለታችንም እናቶቿ ነን።"

በአማርኛ ስለው የመጀመሪያዬ ነበር።

"በስመ አብ" አሉ ቀስ ብለው። እጃቸው እንደገና ማተቡን ፈለገ። ከዚያ፣ "እናትሽ ታውቃለች?"

"አታውቅም።"

"የት ነው የምታስቀድሰው?" ብለው መልሴን ሳይጠብቁ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ያለ አንድ ደብር ጠሩ። የእናቴ ደብር ነው። ፊቴን እንደገና ወደ ግድግዳው አዞርኩ፤ ገባቸው።

"እንግዲህ አልዋሽሽም" አሉ። "ነገርሽ አልገባኝም። የሚገባኝም አይመስለኝ። ለማንም አልናገርም ብልሽ ደግሞ ውሸት ነው፤ ምላሴን አውቀዋለሁ። እሑድ ሳይደርስ ራስሽ ንገሪያት።"

አመሻሽ ላይ ለቀቁኝ። ስወጣ ጎንበስ ብዬ "እግዜር ያስፈታዎት" አልኳቸው። "አሜን" አሉ፣ ሳያዩኝ።

ሕጉ ዛሬም እንዳለ ነው። ሴትዮዋ መክረውኝ ይሁን አስፈራርተውኝ እስከ አሁን አላወቅኩም። ሐበሻ በተሰበሰበበት ስገባ አሁንም መጀመሪያ የማየው የማን ዓይን እኔ ላይ እንዳረፈ ነው።

በተፈታሁ ማግስት ጠዋት ግን ልጄን በመኪና ይዤ ድልድዩን ተሻገርኩ። እናቴ የሥራ ልብሷን ለብሳ፣ ቁልፏን ይዛ ልትወጣ ስትል ደረስኩ። መጀመሪያ ያቀፍኳትን ልጅ አየች፣ ከዚያ እኔን።

"እማዬ፣ ዛሬ ከሥራ ቅሪ" አልኳት። "ከሰው አፍ ከመስማትሽ በፊት ከእኔ ስሚው።"