የወንድሜ የማንጎ ስንቅ

«ለሰው የሌለሽ አንጀት ለማንጎ መጣልሽ?» አለችኝ እናቴ፣ ፊት ለፊት። እውነቷን ነው። ወንድሜን ቀበሌ ለብሔራዊ ውትድርና ሲወስደው ጠብ ያላለ እንባዬ፣ የሻገተ ማንጎ ፊት ስንበረከክ ይወርድ ነበር።

በዚያ ሳምንት ምልምሎቹን ከደሴው ካምፕ ወደ ሰሜን ጦር ግንባር ሊጭኗቸው ነው ተባለ። ከሄደ ወዲህ ወሬውን አልሰማንም። በሶም ቆሎም ሆዱን ያቃጥለዋል፤ ማንጎ ግን ነፍሱ ነው። እኔም አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ቤት ተጎልቻለሁ፤ እጄን ይበላኛል። የግብርና አስተማሪያችን ያሳየንን ማድረቂያ ሠራሁ፦ የእንጨት ሣጥን፣ ውስጡ ጥቁር የተቀባ ቆርቆሮ፣ ከላይ የመስኮት መስታወት፣ ከጎንና ከጎን የአየር ቀዳዳ። ማንጎውን በስሱ ቆራርጬ ደረደርኩትና ሣጥኑን መንገድ ዳር ደጃችን ላይ አኖርኩት። የኮምቦልቻን ፀሐይ ሦስት ቀን ካገኘ እንደ ቆዳ ይሆናል፤ ወር ቢከርም አይበላሽም።

እናቴን «እንዳትነኪው!» ብዬ የሚጫኑበትን ቀን ለማጣራት ደሴ ወጣሁ። አክስቴ ቤት እያደርኩ ሁለት ቀን የካምፑ በር ላይ ቆምኩ። ሐሙስ ነው አሉኝ።

ረቡዕ ስመለስ ሣጥኑ በእናቴ ጋቢ ዙሪያውን ተሸፍኗል። ስገልጠው መስታወቱ አልቦታል፤ ማንጎው ሟሙቶ ነጭ ሻጋታ አውጥቷል። እንኳን ፀሐይ፣ ንፋስም አልገባበትም።

«መንገደኛው ሁሉ እየቆመ ሲያየው ዋለ» አለች። «አንዷማ፣ ወላሂ፣ ምራቋን ዋጠች። የዘማች ስንቅ ላይ የሰው ዓይን አርፎበት ልጄ እንዴት ይሆናል? ሸፈንኩለት።»

ያን ጊዜ ነው ያለቀስኩት፤ ያን ጊዜ ነው ስለ አንጀቴ የተናገረችኝ። እኔም አልተውኳትም።

«ልጅሽን ባዶ እጁን የምትሸኚው አንቺ ነሽ!»

ከሣጥኑ አጠገብ ቁጢጥ ብላ አንድ በአንድ እያነሳች ታሸት ጀመር። የሚተርፍ ፈልጋ ነው። አንድም አልተረፈም።

ሐሙስ ማለዳ ለብሼ ስወጣ ደጃፉ ላይ ተቀምጣለች። መስገጃዋ ገና አልተጠቀለለም።

«ተነሺ እንጂ እማዬ፣ መኪና ያመልጠናል።»

«አንቺ ሂጂ።»

«እንዴት? ሳታይው ሊሄድ?»

«ባዶ እጄን ሄጄ ምን ብዬ ፊቱን ልየው? አንቺው ብለሽ የለ?»

«አፉ በይኝ» ብዬ ይቅርታ ልጠይቃት አፌን ከፈትኩ።

«ይረፍድብኛል» አልኳትና ወጣሁ።