የእናትና የልጅ ሬሾ

አያት ኮንዶሚኒየም ውስጥ ሜላት የምትባል የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ማስጠናት የጀመርኩ ሰሞን ነው። ሬሾ አልገባ ስላላት በዕድሜ ላስረዳት አሰብኩ።

«እናትሽ ስንት ዓመቷ ነው?»

«ሠላሳ ስድስት። እኔ አሥራ ሁለት። ሦስት ለአንድ!» አለች ፈጥና።

«ጎበዝ! ከስድስት ዓመት በኋላስ?»

«ሁለት ለአንድ።»

«ለራስሽ ብቻ ጨመርሽ እኮ። ለእናትሽም ጨምሪላት እንጂ» አልኳት።

ደብተሯን ትክ ብላ አየች። ላስቃት ብዬ፣ «ምነው፣ እሷ አታረጅም እንዴ?» ስል፣ ሶፋው ላይ የተቀመጡት አባቷ ተነሥተው ወደ በረንዳ ወጡ። ምን እንዳጠፋሁ ግራ ገባኝ።

ሜላት እርሳሷን አስቀመጠች። «ቲቸር፣ እማዬ አምና ነው ያረፈችው» አለችኝ ቀስ ብላ።

አንገቴን ደፋሁ። እሷ ግን ቀጠለች።

«ሠላሳ ስድስት ሲሞላኝ አንድ ለአንድ እንሆናለን።»