ወንድሜ አፉን የከፈተበት ሳምንት

ትናንት የሻይ ቅመም ልገዛ ሹም አቦ ሰፈር ካለች አንዲት ትንሽ ሱቅ ገብቼ ነበር። ባለሱቋ ቅርንፉዱን መዳፏ ላይ ዘርግፋ "እስቲ አሽትችው፤ አዲስ ነው" አለችኝ። ጎንበስ ብዬ አሸተትሁት። ከደጅ ባጃጆች ይንጫጫሉ፣ ፀሐዩ የሱቁን ቆርቆሮ ያንጣጣዋል። እኔ ግን በዚያች ቅጽበት እዚያ አልነበርሁም። አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ ሐይቁ ዳር ባለው ቤታችን የወንድሜን ትራስ አንሥቼ ቆሜ ነበር።

ይህን ስናገር ድምፅሽ ከፍ ይላል ይሉኛል። ይበል። የምኮራበት ነገር ነው፤ ቀስ ብዬ ልንገርሽ።

ወንድሜ በአራት ዓመት ይበልጠኛል። ሐኪሞች የአእምሮ እድገት ውስንነት ይሉታል፤ ያን ጊዜ በሰፈራችን ይህን ስም የሚያውቅ አልነበረም። "የጀልባ ሠሪው የዋህ ልጅ" ነበር የሚባለው። ቃሉ ጥቂት ነበር። ሲደሰት "እሺ" ይላል፤ ያልወደደውን ሁሉ ደግሞ "እምቢ"። ሲርበው እምቢ፣ ሲበርደው እምቢ፣ እንቅልፍ ሲያስቸግረው እምቢ። የትኛው እምቢ የትኛው እንደሆነ መለየት የኛ ፋንታ ነበር። እጁ ግን ሌላ ነበር። አባቴ የዋንዛ ሳንቃ አገጣጥሞ ጀልባ ሲሠራ፣ ሳንቃውን በብርጭቆ ወረቀት አሽቶ የሚያለሰልሰው ወንድሜ ነው። ዓይኑን ጨፍኖ በመዳፉ ይዳብሰዋል፤ ሻካራ ቦታ ካገኘ ተመልሶ ያሸዋል። አባቴ "ከዚህ ልጅ እጅ የወጣ እንጨት ላይ ሕፃን ቢተኛበት አይወጋውም" ይል ነበር።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ሐይቁ በጎርፍ ደፍርሶ ቀይ በሆነበት ሰሞን፣ ወንድሜ ተለወጠ። የሚጠበስ ዓሣ ሲሸተው ሥራውን ጥሎ የሚሮጠው ልጅ ሳህኑን ይገፋ ጀመር። ጉንጩን በጡጫ ይመታል። ግንባሩን ግድግዳ ላይ አስደግፎ ይወዛወዛል። አንድ ቀን ከሰዓት አባቴ ሳንቃ እንዲይዝለት ቢጠራው መዶሻውን አንሥቶ ወረወረ። መዶሻው የጎረቤታችን ሕፃን ልጅ ከቆመችበት አንድ ክንድ ያህል ርቆ አሸዋው ውስጥ ተቀበረ። የእናቲቱ ጩኸት እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ።

በማግስቱ ወደ አንድ ክሊኒክ ወሰድነው። ያየው ባለሙያ ከወንበሩ እንኳ አልተነሣም።

"ከልጅነቱ ጀምሮ እንዲህ ነው?" አለ።

"አዎ፣ ግን እንደዚህ ሆኖ..." ብሎ አባቴ ሊያስረዳው ጀመረ።

"በቃ፣ የአእምሮው ነው። ብሶበት ነው" ብሎ የሚያስተኛ ክኒን ጻፈ።

አፍህን ክፈት ያለው የለም። ሆዱን፣ ጆሮውን የዳሰሰ የለም። ወንድሜ ክኒኑን ሲውጥ ይተኛል፤ ሲነቃ እንደገና ጉንጩን ይመታል።

አባቴ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይህን አትርሺብኝ። ግን ፈራ። የጀልባ ገመድ አምጥቶ የወንድሜን ቁርጭምጭሚት ከግቢያችን ምሰሶ ጋር አሰረው። ማንም ሳይጠይቀው "ለራሱ ብዬ ነው" አለ። ከዚያ እናቴን ሳያያት "የሳምንቱ መጨረሻ ጀልባ ሐይቁን ተሻግሮ ወደ ደልጊ ይሄዳል። አጎቱ ዘንድ እልከዋለሁ። እዚያ ግቢው ሰፊ ነው፤ ሰው አይጎዳም" አላት። እናቴ ሽንኩርት እየላጠች ነበር። መላጧን ቀጠለች። እኔ ግን አጎቴ ብቻውን እንደሚኖር፣ ቀኑን ሙሉም እርሻ ላይ እንደሚውል አውቅ ነበር። እዚያ ማን ሊፈታው ነው?

ሊሄድ ሦስት ቀን ሲቀረው አንሶላውን ላጥብለት ትራሱን አነሣሁ። ሥሩ እፍኝ የሚሞላ ቅርንፉድ ተጠራቅሟል። እናቴ ከደጃፋችን ቅመም ትቸረችር ነበርና ከጣሳዋ እየዘገነ ያመጣው ነው። ግማሹ ተነክሷል። መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ከዚያ ባለሁበት ደርቄ ቀረሁ። እናቴ ጥርሷን ባመማት ቁጥር ቅርንፉድ ትነክሳለች። ወንድሜ ደግሞ ያየውን አይረሳም።

እሱ ስንት ቀን ሲነግረን ከርሟል! እኛ ነን ያልሰማን።

ሮጬ ምሰሶው ሥር አጠገቡ ተቀመጥሁ። "ወንድምዓለም፣ እስቲ አፍህን አሳየኝ" አልሁት። ጥርሱን ግጥም አድርጎ "እምቢ" አለ። አንዱን ቅርንፉድ እኔ ራሴ ጎረስሁና የስልኬን መብራት አብርቼ ሰጠሁት፤ አፌንም በሰፊው ከፈትሁለት። ምላሴ እስኪደርቅ ድረስ አበራበት። ከዚያ ስልኩን መለሰልኝና አፉን ከፈተ። በስተግራ፣ ከታች፣ አንዱ መንጋጋ ጠቁሮ ተቦርቡሯል። ድዱ ዙሪያውን አብጦ መግል ቋጥሯል። ሽታው ፊቴን መታኝ።

"አባየ!" ብዬ ጮህሁ።

መጥቶ ጎንበስ ብሎ አየ። መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ገመዱን ይፈታ ጀመር። ዕድሜ ልኩን ቋጠሮ ሲፈታ የኖረ ሰው፣ ያቺ አንዲት ቋጠሮ አቃተችው። እኔ ፈታሁለት። በዚያ ሳምንት ስለ ደልጊ ያነሣ ሰው አልነበረም።

በማግስቱ ጥርስ ሐኪም ዘንድ ወሰድነው። ሐኪሟ ወጣት ነበረች፤ ድምፅዋ ቀስ ያለ። ወንድሜ ግን ወንበሩ ወደ ኋላ ሲዘነብል የሚወድቅ መስሎት ጮኸ። ክንዱ የመሣሪያውን ትሪ መትቶት ብረቱ ወለሉ ላይ ተበተነ። ተራ የሚጠብቁት በበሩ አጮለቁ። አንዱ "አራት ሆናችሁ ያዙታ! ምን ትጠብቃላችሁ?" አለ። አባቴም ሊይዘው ተነሣ። ሐኪሟ በመካከል ገባች።

"ይተውት አባባ። ዛሬ በጉልበት ብነቅልለት፣ ከእንግዲህ ምን ቢያመው እዚህ አይመጣልዎትም።"

መሬት ላይ በእንብርክኳ ሆና፣ ከወንድሜ ዓይን ዝቅ ብላ፣ "እጅህን ስታነሣ እኔ አቆማለሁ። ተስማማን?" አለችው።

አባቴ "አይገባውም፣ ልጄ" አላት።

"ቀስ ብለን ከነገርነው ይገባዋል።"

ለቁስሉና ለሕመሙ የሚጠጣ መድኃኒት ሰጠችን። ያን የሚያስተኛውን ክኒን ማን እንዳዘዘው ጠይቃ፣ ስልክ ደውላ ከሰውዬው ጋር ተነጋገረችና እንዲቆም አስደረገች። ጓንት፣ የአፍ መሸፈኛና አንዲት ትንሽ መስታወት ጨመረችልን። "ቤት ውስጥ ተለማመዱ። የዛሬ ሳምንት በጠዋት፣ ሰው ሳይበዛ አምጡት። ትኩሳት ከመጣ፣ እብጠቱ ወደ አንገቱ ከወረደ ወይም መዋጥ ካቃተው ግን ቀን አትጠብቁ፤ ያኔውኑ ይዛችሁት ኑ" አለች። እናቴ እነዚያን ሦስት ነገሮች እስከ ቤት ድረስ እንደ ዱዓ እየደጋገመች ሄደች።

አባቴ ለአንድ ዓሣ አስጋሪ የጀመረውን ጀልባ እዚያው አቆመው። ከተረፈው ሳንቃ ወንበር ይሠራ ጀመር። ጀርባው በእንጨት ችካል እየተያዘ አንድ አንድ ደረጃ ወደ ኋላ የሚዘነብል፣ እንደ ሐኪሟ ያለ ወንበር። ወንድሜን ጠርቶ ብርጭቆ ወረቀቱን ሰጠው። ወንድሜ ጉንጩ አብጦ እንኳ ቀኑን ሙሉ ሲያሸው ዋለ። የመጋዙ ብናኝ ቅንድቡ ላይ ተኝቶ፣ ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስ ደግሞ የእርጥብ ደንገል ሽታ እያመጣ። ሲመሽ በወንበሩ ላይ ሻካራ የሚባል ቦታ አልነበረም።

ልምምዱን በእናቴ ጀመርን። እኔ ጓንት አጥልቄ ሐኪም ሆንሁ። ቀጥሎ አባቴ ተንጋለለ፤ ወንድሜ በመስታወቷ የአባቴን የጎደሉ ጥርሶች ሲያይ ሳቀ። ከወር በላይ ያልሰማነው ሳቅ ነው። በሦስተኛው ቀን ያቺ መዶሻው ሕፃኗን ሊመታባት የነበረችው ጎረቤታችን እርጎ ይዛ መጣች። እርጎውን ለእናቴ አቀበለችና እሷም ወንበሩ ላይ ተኝታ አፏን ከፈተች። እናቴ ፊቷን አዙራ አለቀሰች።

ሁሉም ግን ቀና አልነበረም። በአራተኛው ቀን ወንድሜ ራሱ ወንበሩ ላይ ተኛ፤ ሐኪም የመሆኑ ተራ የአባቴ ነበር፤ ወንድሜ እጁን አነሣ። አባቴ "ትንሽ ቀረኝ፣ ትንሽ ብቻ" ብሎ ቀጠለ። ወንድሜ ገፍቶት ተነሣና ውኃው ዳር ሄዶ ተቀመጠ። አባቴ ቆይቶ ተከተለው። ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም፤ ሁለት ጀርባ ብቻ ነው ያየሁት፣ ጎን ለጎን። ከዚያ ቀን በኋላ ወንድሜ እጁን ሲያነሣ አባቴ እዚያው ቀጥ ብሎ ይቆም ነበር።

ሳምንቱ ሞላ። በጠዋት ሄድን፤ መንገዱ ዳር ያሉት ዘንባባዎች ጤዛቸው አልደረቀም። ወንድሜ የሐኪሟን ወንበር አየው፤ ዞረው፤ በመዳፉ ዳበሰው። ከዚያ በራሱ ወጥቶ ተኛ። መርፌው ሲመጣ እጁን አነሣ። ሐኪሟ አቆመች። ሁላችንም ጠበቅን። እጁን አወረደ። እንደገና አነሣ፣ እንደገና አቆመች። ሦስት ጊዜ። ተቻኩሎ የተናገረ አልነበረም። በመጨረሻ ጉጠቱ አንድ ጊዜ ዞረና ጥርሱ ወጣ። ማንም አልያዘውም። ስሚኝ፣ ወንድሜን ማንም አልያዘውም!

ስንመለስ አባቴ ያገኘውን ሁሉ ያስቆም ነበር። ለማያውቀው የባጃጅ ሾፌር "ልጄ ጥርሱን አስነቀለ እኮ! ራሱ ተኝቶ!" አለው። ሾፌሩ ግራ ገብቶት "እግዜር ይማረው" አለ። ወንድሜ ጥጡን ነክሶ ከፊታችን ከፊታችን ይሄዳል፤ ትከሻው ሰፍቶ።

ከወር በኋላ ሐኪሟ ቤታችን ድረስ መጥታ ወንበሩን አየችው። አባቴ ሁለተኛ ሠራላት፤ ያሸው ያው ወንድሜ ነው። ከመሸንቲ ድረስ ልጆቻቸውን ይዘው የመጡ እናቶች ግቢያችን ውስጥ ሲለማመዱ አይቻለሁ። እኔም ነርስነት የተማርሁት ከዚያ ተነሥቼ ነው። "ልጁ ባሕርይው ተለወጠ" ብለው ሲያመጡልኝ ስለ ባሕርይው ከመጠየቄ በፊት ጥርሱን፣ ጆሮውን፣ ሆዱን አያለሁ።

አንድ ነገር ቀረኝ። አባቴ ለኢድ ሶላት ሁልጊዜ ብቻውን ነበር የሚሄደው፤ ወንድሜ ሰው ያስቸግራል ብሎ ቤት ይተወዋል። በዚያ ዓመት ግን ነጭ ጀለቢያ አሰፋለትና እጁን ይዞ ወጣ። እኔና እናቴ ተከተልን። ሶላቱ አልቆ ሰው ሲመራረቅ፣ አንድ ሽማግሌ ነጋዴ፣ የአባቴ የድሮ ወዳጅ፣ ወንድሜን አልፈው አባቴን ጠየቁት።

"ያ ሕመምተኛው ልጅህስ እንዴት ሆነልህ?"

"ይኸው አጠገብዎ ቆሟል" አለ አባቴ። "ራሱን ይጠይቁት።"

ሽማግሌው አፈሩ። ዞር ብለው "እንዴት ነህ፣ ልጄ?" አሉት።

ወንድሜ ብዙ አሰበ። ዙሪያችን ሰው ይተቃቀፋል፣ ሕፃናት ይሯሯጣሉ፤ አባቴ ቀድሞ አልመለሰለትም፣ ጠበቀው። ወንድሜ ጉንጩን ነካ፣ ደረቱን ነካ፣ ሆዱን ነካ። ሁሉንም ቦታ አዳርሶ ሲያበቃ "አያመኝም" አለ።

ያን ቃል ማን እንዳስተማረው እስከ ዛሬ አላውቅም። አባቴ ፊቱን ወደ ሐይቁ አዞረና በነጠላው ጫፍ ዓይኑን ጠረገ።

ከዚያ በኋላ አባቴ እስኪሞት ድረስ የሰገደው ሁለት ኢድ ብቻ ነው። በሁለቱም ወንድሜ በቀኙ ቆሞ ነበር።